የእናቴ ተራ

የእርጥብ ነጠላን ሽታ የማያውቅ ሰው በነሐሴ አስቀድሶ አያውቅም ማለት ነው። ባለፈው ሐሙስ የልጄን ልጆች ይዤ ከቅዳሴ ስመለስ ዝናቡ እስከ ደጃፋችን ሸኘን፤ መሪ ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ደርሰን ትንፋሽ ስናገኝ ነጠላዬን አውልቄ ጨመቅሁትና በደረጃው ብረት ላይ ዘረጋሁት፤ ወዲያውም ያ ሽታ፣ ጥጥና ጭቃ የሰው ትንፋሽም ተደባልቆበት፣ ፎቅ ለፎቅ እየወጣ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰ። ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ አንድ እርጥብ ጨርቅ አንስቶ የካ ተራራ ሥር ያለች የጭቃ ቤት ውስጥ ስለ ጣለኝ ነው።

እዚያ እንደ ተቀመጥኩ ሜሮን መጣች። ሜሮን ምድር ቤት የምትኖር፣ ባንክ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች ያሏት ጨዋ ልጅ ናት፤ በእሷ ቂም የለኝም። ከግቢያችን ወጣት እናቶች ጋር ሆነው ልጆቻቸው ክረምቱን ስልክ ላይ ተጎልተው እንዳይጨርሱት መላ እየመቱ ነው፤ መዝሙር የሚያስተምር ሰው ፈልገዋል፣ ለጾሙ የልጆች ምግብ በጋራ ሊሠሩ አስበዋል፣ እንዲያውም ተራ ሊወጣ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ነጠላዬን በአክብሮት ወደ ጎን ገፋ አድርጋ አጠገቤ ቆመች።

«እማማ ዘነቡ፣ እሑድ እናቶቹ እኛ ቤት እንሰበሰባለን። እርስዎ ትንሽ ነገር ቢነግሩንስ? ድሮ እናቶች ክረምቱን በእምነት እንዴት እንደሚያሳልፉት፤ ጾሙን፣ አብሮ መብላቱን፣ ፍቅሩን… እኛ እኮ ሁሉም ነገር ነው የጠፋብን። ደስ ደስ የሚለውን ብቻ ይንገሩን፤ ኢንስፓየር እንዲያደርገን።»

እሺ አልኳት፤ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ለምኖ እምቢ አይባልም። ግን ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ደሜ እንደ ፈላ ነው። ደስ ደስ የሚለውን ብቻ! ድሮ የሚባለው ነገር አንገቱን ቆርጠን፣ አጥንቱን አውጥተን፣ ልጅ እንዳያንቀው አድርገን የምናቀርበው ዓሣ ነው እንዴ?

እውነቱን ለመናገር ደስ የሚለው ሞልቶ ነበር፤ እሱን መካድም ሌላ ኃጢአት ነው። ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሰፈራችንን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ባሕር ዛፉ ዝናብ ጠግቦ ሌት ተቀን ያጉረመርማል፤ እናቶች ደግሞ ጭቃ ለብሶ ከሚውል የልጅ መንጋ ጋር በአንዲት ክፍል ተቆልፈው ሊያብዱ ይደርሳሉ። መላቸው ፍልሰታ ነበር። ነሐሴ ከባተ ጀምሮ ሁለቱን ሱባኤ በሙሉ ጠዋት መሪጌታው ዘንድ ፊደልና ውዳሴ ማርያም፣ ቀትር ላይ ቅዳሴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ባለተራዋ እናት ቤት። እያንዳንዷ እናት አንድ ቀን ትይዛለች፤ በዚያ ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከቅዳሴ ወጥቶ ቀጥታ ወደ እሷ ቤት ይገባል፤ እሷም እጅ ታስታጥባለች፣ ትሪ ዙሪያ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ሌላው ከመብላቱ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ የመጀመሪያውን ጉርሻ በገዛ እጇ ታጎርሳለች። ደንቡ እሱ ነበር። ልጅ ሆኖ የጾመ ሰው የመጀመሪያ ጉርሻው ከእናት እጅ ነው፤ የየትኛዋ እናት የሚለው ግን ለተራው የተተወ ነው።

ስለዚህ እኛ ልጆች ሰፈሩን የምናውቀው በምግቡ ነበር። እዚህ ቤት ሱፍ ፍትፍት፣ እዚያኛው ቤት ተልባ፣ ከወንዙ ማዶ ሚጥሚጣ የበዛበት ድንች፣ ከእሱ አለፍ ብሎ ደግሞ ንፍሮ ብቻ የምትሰጥ ግን ተረት የምትጨምር ሴት። ሀብታም የሚባል ስላልነበረ ውድድሩ በጨውና በሽንኩርት ልክ ነበር። ቅዳሴው ላይ ቆመን «እግዚኦ» ስንል ግማሻችን ዛሬ ማን ቤት ነው እያልን ነበር የምናስበው፤ እመቤታችን የልጅ ጸሎት የምትቀበለው አንጀቱ ሲጮህ ጭምር ነው ብዬ ስለማምን አላፍርበትም።

የዚህ ሁሉ አዛዥ እትዬ አስካለ ነበረች። ዕድሜዋን አከብራለሁ፤ አንቱታውን ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ልሰጣት አልችልም፤ ከእጄ አይወጣልኝም። እትዬ አስካለ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ጥቁር ጃንጥላዋን እንደ መቋሚያ የምትይዝ ሴት ነበረች፤ የልጆቹን ሰልፍ ከፊት ሆና ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደውም የምትመልሰውም እሷ ናት። ቅጥሩ በር ላይ ስንደርስ አሰልፋ «ምላስ!» ትላለች፤ ሁላችንም ምላሳችንን እናወጣለን፤ አንድ በአንድ ትመረምራለች። በመንገዱ ዳር እንጆሪ ሞልቶ ነበርና ምላሱ የቀላ ልጅ በዚያ ቀን ሊቆርብ አይችልም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሴቶቹ ጋር ይቆማል። አንዴ ከእንቅልፉ የተነሳ ልጅ ምላሱ ነጭ ሆኖ ብታገኘው ወተት ጠጥተሃል ብላ ከሰልፉ አውጥታዋለች። ቤታቸው ላም ቀርቶ ድመት እንኳ አልነበረም።

ከሁሉ የምንፈራው ግን ዝናቡን ነበር። ለቁርባን የጾመ ሰው ጠብታ ውኃ እንኳ ከዋጠ ጾሙ ፈረሰ ተብለን ስለ ነበር ዳገቱን የምንወጣው አፋችንን ገጥመን፣ ከንፈራችንን ወደ ውስጥ ጠቅልለን፣ በአፍንጫችን እየተነፈስን ነው። በጾሙ አንድ ቀን ደግሞ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ይወስዱን ነበርና ያን ሁሉ አቀበት፣ ያን ሁሉ ጭጋግ፣ ያን ሁሉ ዶፍ፣ አንድም ልጅ አፉን ሳይከፍት ይወጣዋል፤ ማስነጠስ የመጣበት ልጅ ነጠላውን ራሱ ላይ ጥሎ ዛፍ ሥር ሮጦ ነው የሚያስነጥሰው። ስንመለስም ያው ነው፤ የቆረበ ሰው አፉን በነጠላው ሸፍኖ፣ ሳያወራ፣ ሳይተፋ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። መንገድ ላይ ያየን ባዳ ሰው የካ የሚወለድ ልጅ ሁሉ ዲዳ ነው ሳይል አይቀርም። እስቲ አሁን ሳስበው ከዚያ የበለጠ ደስ የሚል ነገር ምን አለ? ሜሮን የምትፈልገው ይሄን ነው። እዚህ ላይ ባቆም አጨብጭበው፣ ሻይ ሰጥተው ይሸኙኛል።

ታዲያ እናቴ ተራ አልነበራትም።

እናቴ ጥሩነሽ አረቄ ታወጣ ነበር። አባቴ ተራራው ላይ ባሕር ዛፍ እየቆረጠ እየሰነጠቀ የሚኖር ሰው ሆኖ ሳለ ደረቱን ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ከእናቷ የተማረችው ሌላ ሙያ ስላልነበረ፣ ከጓዳው ጀርባ ባለች ጎጆ ድፍድፉን ጥላ፣ እሳቱን አያይዛ፣ ሌሊት ያወጣችውን ማታ ለቀን ሠራተኞችና ለጥበቃዎች በመለኪያ ትሸጥ ነበር። እኔን ያስተማረኝ ያ አረቄ ነው፤ የአባቴንም መድኃኒት የገዛው እሱ ነው። ፍልሰታ ሲገባ ግን እሳቱን ታጠፋለች። ማንም አላዘዛትም። ሁለቱን ሱባኤ በሙሉ አንዲት መለኪያ ሳትሸጥ፣ ጎመን በጨው እየቀቀለች እኛን ታሳልፈን ነበር፤ በመንፈቀ ሌሊት ተነስታ ሰዓታት ትቆም ነበር። የሰፈሩ ሴት ይሄን ሁሉ ያያል። በየዓመቱ ተራ ሲወጣ ግን የእናቴ ስም የለም። «እጇ አረቄ ይሸታል፤ ጾመኛ ሕፃን እንዴት ከዚያ ቤት ይቀምሳል?» ትላለች እትዬ አስካለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሷው እትዬ አስካለ ባሏ በየማታው ከማን መለኪያ እንደሚጠጣ የማታውቅ ይመስል።

አባቴ ይሄን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። «በእኔ ነው ተራ ያጣሽው» ይላት ነበር፤ ከሕመሙ በላይ የሚያመው እሱ ነበር። እሷ ደግሞ ለቤት ኪራይ አለቅስም፣ ለልብስ አለቅስም፣ ይሄን አንድ ነገር ግን ሳላገኝ እንዳልሞት ትል ነበር። ጾመኛ ሕፃን ያጎረሰች እጅ በዚያች የፍርድ ቀን እመቤቴ ፊት ባዶዋን አትዘረጋም፤ እምነቷ ይሄ ነው። ከላይ ከተራራው ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ አደ ብርቄ የሚባሉ ወዳጅ ነበሯት፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚናገሩ፣ ፊት አይቶ የማያደላ አንደበት ያላቸው ሴት። አንድ ቀን «ጥሩዬ፣ በእኔ ተራ እኔ ቤት መጥተሽ አብስዪ፣ አጉርሻቸው፣ ማን ያውቃል?» አሏት። «አይ፣ አደ ብርቄ፣» አለች እናቴ፤ «ሰው ቤት ተደብቄ አላበላም። አረቄዬን እንኳ በግልጽ ነው የምሸጠው።»

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ በፍልሰታው አጋማሽ አንዲቱ ባለተራ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች፤ የአራስ ቤት ተራ አይይዝምና ቀኑ ክፍት ሆነ። እናቴ ይሄን እንደ ሰማች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከዛፉ ሥር ተሰብስበው ቄሱ ሲባርኳቸው ሄዳ መሐል ቆመች። እኔ ቀሚሷን ይዤ ነበርኩ። «አባቴ፣ ያችን ቀን ለእኔ ይስጡኝ» አለች። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩአቸውና «ታዲያ ምን ችግር አለ? ስጧት እንጂ» አሉ። እትዬ አስካለ መስቀሉን ተሳለመችና «እሺ አባታችን፣ የእሷ ትሁን» አለች። በቄሱ ፊት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ መስቀል ተሳልማ። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ ዛሬም አንጀቴ ያርራል። እናቴ የአረቄውን ጋኖች፣ ቱቦውን፣ መለኪያዎቹን ሳይቀር ተሸክማ አደ ብርቄ ቤት አኖረች። ግድግዳውን በአዲስ ጋዜጣ ለበጠች። ያም አልበቃትም፤ ዓመታት ሙሉ አረቄ ሲፈስበት የኖረ የአፈር ወለል ነውና ሽታው አይለቅም ብላ ዶማ አነሳች። ወለሉን ቆፈረችው! አባቴን ከነአልጋው ጓዳ አስገብተን፣ እሱ እያሳለ «ሴትዮ መቃብሬን እዚሁ ልትጨርሺው ነው?» እያለ ሲቀልድ፣ እሷ ጥቁሩን አፈር እየዛቀች አወጣች፤ ከዚያ ከተራራው ቀይ አፈር በማዳበሪያ ጆንያ እየተሸከምን፣ እኔ በትንሿ፣ እሷ በትልቁ፣ በዚያ ዝናብ እየተንሸራተትን አምጥተን ሞላነው፣ ረገጥነው፣ ጸበል ረጨችበት፣ ቄጤማ ጎዘጎዘችበት። በርከክ ብላ ወለሉን አሸተተችና «አሁን የሚሸተው አፈር ብቻ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። እውነትም አፈር አፈር ብቻ ነበር የሚሸተው።

ለምግቡ ያመጣችው ሱፍ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ቆላችው፣ ወቀጠችው፣ በውኃ እየበጠበጠች አጠለለችው፣ እንደ ወተት እስኪነጣ ድረስ ደጋገመችው፤ ትልቁን ትሪ ሞልታ እንጀራውን ስትፈተፍትበት እኔ በጾም አፌ ምራቄን መዋጥ ይፈቀድ አይፈቀድ እያልኩ እጨነቅ ነበር። ከዚያ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ለዚያች ቀን ስትል ያላጠበችው ልብስ አልነበረም። «አንቺ ከልጆቹ ጋር ሂጂና ከልጆቹ ጋር ነይ፤ እንደ እንግዳ ነው የምቀበልሽ» አለችኝና ሳቀች። አባቴም ከጓዳ ሆኖ ሲስቅ ሰማሁት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ቅዳሴው አለቀ፤ ቆረብን፤ አፋችንን በነጠላችን ሸፍነን ተሰለፍን። ዝናቡ ገና ሊጀምር ሲል ነው የወረድነው። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲወረድ የመጀመሪያው ነበር፤ ከመንገዱ አጠገብ፣ ከየትኛውም ባለተራ ቤት የሚቀርብ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በአንዱ ማስታጠቢያ፣ ፎጣው ክንዷ ላይ፤ ፊቷ በርቷል። እትዬ አስካለ ከሰልፉ ፊት ነበረች። ጃንጥላዋን ዘረጋች። እርምጃዋን እንኳ ሳትቀንስ፣ ከቤታችን በር ፊት ለፊት ስትደርስ፣ «ጥሩነሽ፣ እንዳትቀየሚ፤ ሰማዩ ከብዷል፣ ልጆቹ በብርድ እንዳይመቱ እኔ ቤት ወስጃቸዋለሁ፤ እዚያው አዘጋጅቻለሁ፤ ሌላ ጊዜ እመቤቴ ታውቃለች» አለችና አለፈች። የእሷ ቤት ከወንዙ ማዶ ነበር! በብርድ እንዳይመቱ ብላ ወንዝ ልታሻግራቸው ነው! አዘጋጅቻለሁ አለች፤ ማለት ከጠዋቱ ጀምራ አስባበታለች፤ ማለት መስቀሉን ስትሳለምም አስባበታለች።

ከሰልፉ ወጣሁ። ሄጄ እናቴ አጠገብ ቆምኩ። ልጆቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ አፋቸውን እንደ ሸፈኑ፣ ዓይናቸው ብቻ እየታየ፤ ጓደኞቼ ናቸው፤ ስማቸውን ሁሉ አውቃለሁ። አፉን የሸፈነ ሰው አይናገርምና ምንም አላሉንም። አንዲት ገና ጡት የጣለች የምትመስል ትንሽ ልጅ የሱፉ ሽታ ሳባትና ወደ እኛ ዞረች፤ እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ጎንበስ ማለት ስትጀምር ከኋላ የነበረች ሴት የልጅቱን ክንድ ይዛ ወደ ሰልፉ መለሰቻት። ከዚያ መንገዱ ባዶ ሆነ።

እናቴ አላለቀሰችም። ቢያንስ ያኔ አላለቀሰችም። «እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። ታጠብኩ። ወደ ቤት አስገባችኝና ቄጤማው ላይ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሊቀመጥበት በነበረው ትሪ ፊት አስቀመጠችኝ። በዚያ መሐል አባቴ ከጓዳ ተጣራ።

«ጥሩዬ፣ መጡ?»

«መጡ» አለች እናቴ። «እየታጠቡ ነው።»

«ድምፃቸው የታለ ታዲያ?»

«ቆርበው የለ እንዴ? አፋቸውን ሸፍነዋል።»

ይህን ስትል ዓይኔን አየችኝ። የዚያን ቀኑን አስተያየቷን እስካሁን የሚተካ ቃል አላገኘሁለትም፤ ለምና አታውቅም ነበር፣ ያኔ ግን ለመነችኝ። አሥር ዓመቴ ቢሆንም ገባኝ። መጀመሪያ ጎላ አድርጌ ሳቅሁ። ከዚያ በሌላ ድምፅ «ጨምሩልኝ» አልኩ። ከዚያ የጎረቤታችንን ኮልታፋ ልጅ ድምፅ አወጣሁ፤ እሱን መምሰል እችልበት ነበር። ትሪውን በጣቴ መታሁ፣ ሳልሁ፣ ተቆጣሁ፣ «ገፋኸኝ» ብዬ ራሴን ከሰስኩ፣ የእመቤታችንን መዝሙር ብቻዬን በወፍራምና በቀጭን ድምፅ እያፈራረቅሁ ዘመርኩ። እናቴ ጉርሻ ትጠቀልላለች፣ ስም ትጠራለች፣ «እንካ ልጄ፣ እንቺ ልጄ» ትላለች፤ የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠራች ጉርሻውን እኔ አፍ ውስጥ ትከታለች። እስኪያንቀኝ ጎረስኩ። አባቴ ጓዳ ሆኖ «እሰይ፣ እሰይ የእኔ እመቤት፣ ተመስገን» ሲል ሰማነው።

የተረፈውን አደ ብርቄ መጥተው ከተራራው ለሚወርዱ ቅጠል ተሸካሚዎች ወሰዱት፤ የሆነውን ሲሰሙ በኦሮምኛ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ምርቃት እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። አባቴ መስቀል ሳይደርስ አረፈ፤ ሚስቱ ተራዋን አግኝታለች ብሎ ነው የሞተው። እናቴም ከዚያ በኋላ ተራ ጠይቃ አታውቅም፤ ጋኖቿን መለሰች፣ እሳቱን አነደደች፣ እኔን አሳደገች። ልጆቹ አደጉ፣ እናቶቹ አረጁ፣ ከፊሉ ሰፈር ተነስቶ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፣ ተራ የሚባለውም ነገር ሳይታወቅ ቀረ። ዛሬ ሰው የሚያለቅስለት ያ የቀረው ነገር ነው። አብሮነት ይሉታል።

እናቴ ስታርፍ የእሷን ተዝካር እኔ ነኝ ያወጣሁት። ድንኳን ተተከለ፣ ጎረቤት ተጠራ፤ እትዬ አስካለ የቱንም ያህል አርጅታ ቢሆን ተደግፋ መጣች፤ ከነጓደኞቿ ከፊት ተቀመጠች። በዚያ ቤት ደጃፍ አንድ ቀን ቆም ማለት ያቃታት እግር ያን ቀን እሷም ከተዛወረችበት ከመሪ እስከ የካ መጣ። በላች። ደግማ በላች። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጎላ አድርጋ ማውራት ጀመረች፤ የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንዲሉ። «ጥሩነሽ እኮ ለሃይማኖቷ የቆመች ሴት ነበረች! እንደ እሷ ያለ የት ይገኛል? እጇ ሲጣፍጥ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሲያመልጠኝ አውቄዋለሁ።

«እትዬ አስካለ፣» አልኳት፣ «መቼ ቀምሰው ያውቃሉ?»

ትሪ የያዘችው ልጅ ባለችበት ቆመች። እትዬ አስካለ አንዴ እኔን፣ አንዴ የያዘችውን ጉርሻ አየች። የቀረበውን ምግብ የሠራችው ከሰፈር ውጭ የቀጠርኳት ሴት ነበረች። ዘመዶቼ እየጎተቱ ወደ ጓዳ አስገቡኝ፤ በተዝካር ላይ እንዲህ አይባልም፣ ሽማግሌ አይዋረድም፣ ነፍሷን ታስቀይሚያለሽ አሉኝ። የእናቴ ነፍስ ግን የተቀየመችው ያን ጊዜ ከሆነ ብዙ ዘግይታለች። ይቅርታ እንድጠይቅ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ተላከብኝ፤ አልጠየቅሁም። እትዬ አስካለም አሁን አርፋለች። እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር፤ ይሄን የምለው ሰው እንዲህ ማለት ስላለበት ነው።

እሑድ ሜሮን ቤት ሄጄ የምነግራቸው ይሄንን ነው። ዝናቡንም፣ እንጆሪውንም፣ ራጉኤል የወጣንበትን መንገድም አልደብቅም፤ ከዚያ ግን እናቴ ጋ እደርሳለሁ። ደስ ላይላቸው ይችላል። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ክረምቱን በጾምና በጸሎት ሲያሳልፉ ማየት የመሰለ ነገር የለም፤ እኔም ያደግሁበት ነውና አልክድም፤ ያን ሁሉ ቅዳሴ፣ ያን ሁሉ ውዳሴ ማርያም የሰጡኝ እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ ከእናቴ አንዲት ከሰዓት የነጠቁትም እነዚያው ሴቶች ናቸው። ሁለቱን ለይቼ ማስቀመጥ ዕድሜ ልኬን ሞክሬ አቅቶኛል። ከዚያ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ እናቴ ያጎረሰችው እኔን ብቻ ነው፤ እኔን ደግሞ በየቀኑ ታጎርሰኝ ነበር።